መኪናው ዝቅ ሲል

ካላመናችሁኝ አልፈርድባችሁም። ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው እኔም ስቄ አልፈው ነበር። ግን የደረሰው በኔ ነው... እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ጋራዥ።

እኔ በያጅ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የመኪና ውድድር ተወዳዳሪ።

የኋላ ብራቾ በእጄ ሠራሁለት። ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚይዘው የብረት ክንድ ነው። የፋብሪካው የሱን አነዳድ አልቻለም፤ ሁለቴ ተጣሞበታል። ሦስት ሳምንት ስቆርጥ፣ ስበይድ፣ ስሞርድ ከረምኩ።

የቀረኝ ቡሎን ማጥበቅ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ሙሉ ክብደቱ ሲያርፍበት ነው። አራቱንም ጎማ ጣውላ ላይ አወጣንና በጀርባዬ ተንሸራትቼ ከሥሩ ገባሁ። ከደረቴ እስከ ብረቱ ስንዝር አይሞላም።

"ውሃ ጠጥቼ መጣሁ" ብሎ ወንድሜ ወጣ።

ሁለተኛውን ቡሎን ሳጠብቅ...

መኪናው በግራ በኩል ዝቅ አለ።

ልክ ሰው ሲገባበት ዝቅ እንደሚለው። በር ሲከፈት ግን አልሰማሁም።

"ጋሼ፣ ቀልዱን ተው። ውረድ!"



በቀኝ በኩልም ዝቅ አለ።

ብረቱ ደረቴ ላይ አረፈ። ልንሸራተት ብል ቱታዬ ተይዟል። ትንፋሼን ባወጣሁ ቁጥር መኪናው ይከተለኛል... መልሼ የምስብበት ቦታ የለም።

የበየድኩት ብራቾ ጆሮዬ ሥር ሲጥ... አለ።

"አደራህን" አልኩት። ሰው ሲጨንቀው ብረትም ይለምናል።

ያኔ የወንድሜን ጫማ አየሁ። በጋራዡ በር ገባ። ከውጭ!

ድርቅ ብሎ ቆመ።

"ጋሼ..." አልኩ በቀረችኝ ትንፋሽ። "ላዬ ላይ ማነው?"

"ድምፅ አታሰማ።"

"ክሪኩን አምጣ..."

"ዝም በል አልኩህ" አለ በሹክሹክታ። "ሁለቱም ጎንበስ ብለው... ወዳንተ እያዩ ነው።"

በእንብርክኩ መጣ። ቀና አላለም። ክሪኩን ከሥር ገፍቶ ተጫነው... ተጫነው... ብረቱ ከደረቴ ተላቀቀ። እግሬን ይዞ ጎተተኝ።

"ወደ ውስጥ እንዳታይ። በእናታችን ይዤሃለሁ!"

አየሁ።

ሁለቱም ወንበር ባዶ ነው። ቀበቶዎቹ ግን ታስረዋል። ጥብቅ ብለው... አየሩን አቅፈው።

የሹፌሩ ቀበቶ ቀስ ብሎ ወደፊት ይነፋል። መልሶ ይረግባል።

ይነፋል...

ይረግባል።