ከመንገዱ ማዶ ያለው ፊደል

«ኮምፒውተሩ ዘመኑ አልፎበት ነው በያቸው አባትሽን፣ በቃ» አለ የሳምራ ጓደኛ ብሥራት ቦርሳውን ትከሻው ላይ እየወረወረ። «ማስጠንቀቂያው ስንቴ ወጥቷል? እኛ መንካታችንን ማን ያውቃል?»

ሳምራ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ተተክሏል። የአባቷ የአቶ ጩማ የጽሕፈት ኮምፒውተር አዲስ ልብስ እንደለበሰ ሰው ያብረቀርቃል፤ ሆዱ ግን ታሟል። አባቷ ትናንት ከሰዓት የጻፉት የአቶ ቦልቴ የሕይወት ታሪክ ተከፍቷል፤ አንድም የአማርኛ ፊደል ግን የለበትም። የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት፤ ጉንዳን የተራወጠበት ወረቀት ይመስላል።

ቀብሩ ገሱባ ላይ ስምንት ሰዓት ነው። የሟች ልጅ ታሪኩ ጽሑፉን ሊወስድ አምስት ሰዓት ላይ በሞተር ይደርሳል። አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። የዊንዶውስ አሥር ድጋፍ አብቅቷል የሚለው ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር አቶ ጩማ ልጃቸውን ጠርተው ያስነብቧታል። ድጋፉ አበቃ ማለት አምራቹ ከእንግዲህ የደኅንነት ማስተካከያ አይልክም ማለት ነው እንጂ ማሽኑ ይሞታል ማለት አልነበረም። ብሥራት ግን «አንድ ቀን ቆልፎባችሁ ይቀራል» አላት፤ አመነችው። ትናንት አመሻሽ ላይ አባቷ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጦ፣ የድሮውን ዊንዶውስ ጠራርጎ አዲሱን ጫነላት። ልታስደስታቸው ነበር። የድሮው የአማርኛ መጻፊያ ከነፊደሎቹ አብሮ እንደሚጠረግ ሁለቱም አላሰቡትም።

በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ደግሞ የለም። ሽማግሌዎቹ በወላይትኛ ሲያወሩ አቶ ጩማ ወደ አማርኛ እየመለሱ በቀጥታ ይመታሉ። «ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ» ይሏቸዋል። ይበሏቸው። ባለ ዲግሪዎቹም አባታቸው ሲሞት የሚመጡት እሳቸው ዘንድ ነው።

«ሳምሪ፣ አተምሽው?» አሉ አቶ ጩማ እየገቡ። ብሥራት በጎናቸው ሹልክ ብሎ ወጣ።

ውሸቱ አፏ ላይ ደርሷል። አባቷ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው፣ ትናንት የደከሙበትን ለማየት ወደ ወንበራቸው ሲጠጉ አየች።

«አባባ፣ አትቀመጥ» አለች። «እኔና ብሥራት ሳንነግርህ ቀየርነው። የአቶ ቦልቴ ጽሑፍ አይነበብም። ኮምፒውተሩ አይደለም ያበላሸው፣ እኔ ነኝ።»

አቶ ጩማ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«እኔ እኮ አንቺ አለሽ ብዬ ነው የምተኛው» አሉ ቀስ ብለው። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉና «የጠፋው ፊደሉ ነው ወይስ ጽሑፉ?»

«ፊደሉ ይመስለኛል። ያ የድሮው ፊደል ያለበት ኮምፒውተር ብናገኝ…»

ሁለቱም እኩል ወደ መንገዱ ማዶ አዩ። የሌላው ጸሐፊ የኤርሳዶ ጽሕፈት ቤት ተከፍቷል።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቢሮ ጸሐፊ ሲፈልግ፣ ኤርሳዶ በሰው ፊት «ጩማ እኮ ስምንተኛ ክፍል ነው» ብሎ ሥራውን ራሱ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በሮች ፊት ለፊት ይከፈታሉ፤ ሰላምታ ግን መንገዱን ተሻግሮ አያውቅም።

«እኔ እዚያ ቤት አልገባም» አሉ አቶ ጩማ። «አንቺ ግን እግር አለሽ።»

ሳምራ ስትገባ ጋሽ ኤርሳዶ በሁለት ጣታቸው እየመቱ ነበር። «የጩማ ልጅ፣ ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

ነገረቻቸው። ጨርሰው ሰሟትና ፈገግ አሉ።

«ያ ማስታወቂያ ለእኔም መጥቷል። የኢንተርኔት ገመዱን ነቀልኩት፣ ጽሑፉን ሁሉ ሌላ ቦታ ገለበጥኩ፣ ተቀመጥኩ። አማርኛ ለመምታት ኢንተርኔት ምን ያደርግልኛል?» የራሳቸውን ፍላሽ ሰኩና መጻፊያውን ከነፊደሎቹ መገልበጥ ጀመሩ። «የቦልቴን ማን ጻፈው? አባትሽ?»

«አዎ።»

«እሱ ነዋ። ሌላ ማን ይችላል።» ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሱም። «እንዲህ አለ ብለሽ እንዳትነግሪው ታዲያ።»

ሳምራ እየሮጠች ተመለሰች። መጻፊያውን ከነፊደሎቹ ጭና፣ ጽሑፉን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ጉንዳኖቹ የሉም። «አቶ ቦልቴ በገሱባ አካባቢ ተወለዱ» ይላል፤ ወደ ታችም ሙሉ ነው፣ ያሳደጓቸው ልጆች፣ ያስታረቋቸው ሰዎች ሁሉ አሉ። አቶ ጩማ የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ «አትሚው» አሉ። ሳምራም አታሚው ላይ ወረቀት ጨመረች።

አታሚው ማንኳኳት ሲጀምር አባቷ ወደ እሷ ሳይዞሩ ጠየቁ፦ «ምን አለ ሰውዬው?»

እንዳትነግሪው ብለዋታል። ዛሬ ግን ለመደበቅ አቅም አልነበራትም።

«የቦልቴን አባትሽ ካልጻፈው ማን ሊችል ነው አሉ።»

አታሚው ያወጣቸውን ሁለት ገጾች አቶ ጩማ ደጋግመው አስተካክለው ደረደሩ። የአቶ ቦልቴ ልጅ ታሪኩ ደርሶ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ወደ ገሱባ ሲበር እንኳ በቅጡ አልተሰናበቱትም።

«ፍላሹ የሰውዬው ነው አይደል?»

«እኔ እመልሰዋለሁ፣ አባባ።»

«አምጪው» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «ለማመስገን እንዳይመስልሽ። የሰው ዕቃ ስለሆነ ነው።»

የሸሚዛቸውን ኮሌታ አስተካክለው ወጡ። አንዲት ሴትዮ ማመልከቻ ልታስጽፍ በር ላይ ቆማለች። ሳምራ አባቷን አልጠራቻቸውም። ባጃጅ አሳልፈው መንገዱን ሲሻገሩ አየች፤ ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጠች።

«ይንገሩኝ እማማ» አለች፣ «እኔ እጽፍልዎታለሁ።»