እዝባር

ፕሮግራሙ ለሦስተኛ ጊዜ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ኮምፒውተሩ ነው አልኩሽ እኮ» አለ ጋዜጣ። የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ይህ ቅጽል ስም የወጣለት ወሬ ስለማያመልጠው ነው።

ሚጢጢ ፕሮግራሙን እንደገና ከፈተችው። የቤተ መጻሕፍቱን የውሰት መመዝገቢያ ፕሮግራም የሠራችው እሷ ናት። ትናንት ርእሰ መምህሯ ለምን እንደሚጠፋ ሲጠይቋት፣ ሳታጣራ ጥፋቱን ሁሉም ፕሮግራም በሚሠራበት በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ላይ አላከከች። ይኸው ዛሬ ሲስተሙን የሚጠብቀው የኮምፒውተር ባለሙያ ሥራውን በደንብ አልሠራም ተብሎ ከምሳ በፊት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊሰጠው ነው። እሱ ምስኪን ከጠዋት ጀምሮ የሌለ በሽታ ሲፈልግ ቆይቷል።

ወይስ አለ? ሲስተሙ ከታመመ ሌላውም ፕሮግራም መጥፋት አለበት። ጽሑፍ ከፈተች፣ ሥዕል ከፈተች፣ ዘፈን አስጮኸች፤ ሁሉም ደህና። ፕሮግራሟን በፍላሽ ገልብጣ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወደተጫነበት ወደ ጥጉ ኮምፒውተር ሄደች። የአንድ ተማሪ ስም አስገባች፤ መዘገበ። የሌላም፤ መዘገበ። የሒሳብ መምህሩን ስታስገባ ድርግም።

«እሳቸውንማ ኮምፒውተሩም ይፈራቸዋል» አለ ጋዜጣ።

የስፖርት መምህሩን ሞከረች። ያው ነው። መምህር ሲሆን ብቻ። ከስሙ ፊት የጻፈችው ላይ ዓይኗ ተተከለ፦ «መ/ር»። ፕሮግራሟ ለእያንዳንዱ ተዋሽ በስሙ ፋይል ይከፍታል። ኮምፒውተር ደግሞ እዝባር፣ ያቺን «/» ምልክት፣ ሲያይ ከፊቱ ያለውን ፎልደር ነው ብሎ ያስባል፤ «መ» የሚባል ፎልደር ፈልጎ ሲያጣ ይወድቃል። እሷ ስትሞክረው የክፍል ጓደኞቿን ብቻ ነበር ያስገባችው። የእነሱ ስም እዝባር የለውም።

ጥፋቱ የራሷ ነው።

ጋዜጣ ወንበሩን አስጠጋ። ሁለት መስመር ብታስተካክል እንደሚበቃ፣ ነገ ሲሠራ ኮምፒውተሩ ተጠገነ እንደሚባል፣ ማንም እንደማያውቅ አስረዳት።

«ደብዳቤውስ?»

«አቦ፣ ደብዳቤ ወረቀት ነው። ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።»

ሁለት መስመር። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ቆዩ። ከዚያ ምንም ሳትነካ ፍላሹን ነቀለችና ተነሳች።

«ወዴት ነሽ? ሳታስተካክዪው?»

«ርእሰ መምህሯ ጋ» አለች። «መጀመሪያ ፕሮግራሜ ራሱ ሲወድቅ በዓይናቸው ይዩት።»