ዛዞ የሚባል ሰው የለም

የኮምፒዩተር ባለሙያው ደስታው ሞቶ የተገኘው ግንባሩን ከኮምፒዩተሩ ቁልፎች አጠገብ እንዳሳረፈ ነበር። በጎኑ ባለው የሻይ ብርጭቆ ውስጥ፣ ከታች፣ ለመጋዘን አይጥ የሚበተነው መርዝ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ስክሪኑ እንደበራ ነው።

በ1978 ዓ.ም. ግንቦት አሰብ ውስጥ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ክፍት ቢሮ አልነበረም። በዚያ ሙቀት ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ደስታው ብቻ በወደቡ አጥር ጥግ ካለው የጭነት ምዝገባ ቢሮ አልወጣም። በዚያ ሰዓት ገብተው ሲወጡ የበሩ ዘበኛ ያያቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ኃላፊው ጓድ ጉግሳ፣ ታይፒስቷ እቴናት፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ያዮ።

መቶ አለቃ ውድነህ ከፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ አንድ የደኅንነት ቢሮ ሰው ቀድሞታል፤ ሬሳውንም አስነስቷል። ያዮ እጁን የኋሊት ታስሮ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል።

«አትድከም፣ መቶ አለቃ» አለ የደኅንነቱ ሰው። «ሟቹ ራሱ ጽፎታል። ይህን ሰው በአሥራ አንድ ሰዓቱ አውሮፕላን አዲስ አበባ አደርሰዋለሁ።»

እቴናት ይህን ስትሰማ ቀና ብላ ሰውየውን አየችው። ባሏ ወልደሚካኤል ከጉግሳ በፊት የዚህ ቢሮ ኃላፊ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው የአሥራ አንድ ሰዓት አውሮፕላን ተወሰደ። አንድ ደብዳቤ ተጽፎበት ነው ከመባል በቀር ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም።

ውድነህ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ማሽኑ የአማርኛ ፊደል ስለሌለው ቃሉ አማርኛ፣ ፊደሉ የፈረንጅ ነው።

«አገሬን ከድቻለሁ። ለወንበዴ ምስጢር ስናወጣ ነበር፤ እኔና ዛዞ። ዝብቃኝ።»

«ዛዞ ማነው?» አለ ውድነህ።

«ያዮ ነዋ» አለ ጉግሳ ከበሩ ላይ። «የሚሞት ሰው ጣት ይሳሳታል።»

«ዝብቃኝስ?»

«ይብቃኝ ለማለት ነው።»

«ጥሩ ያነባሉ፣ ጓድ ጉግሳ» አለና ወደ ያዮ ዞረ። «አንተ ለምን ገባህ?»

«ወላሂ፣ ጌታዬ፣ ኮረንቲ ላስተካክል ነው። ሲወዛወዝ ማሽኑ ይጠፋል። አስተካክዬ ወጣሁ። ደስታው ‹ያዮ፣ ይኼ ማሽን ግትርነቱ ከግመልህ ይብሳል› እያለ ይስቅብኝ ነበር። እየሳቀ ነው የተውኩት።» ወደ ባዶው ወንበር አየ። «እየሳቀ።»

ውድነህ እቴናትን ወደ ኮሪደሩ ወሰዳት።

«ሟቹ ምን እየሠራ ነበር?»

«ኮምፒዩተር ያለ ሥርዓቱ፣ ማለት ያለሚያሠራው ፕሮግራም፣ ቆርቆሮ ነው። የእኛ ሥርዓት የተጻፈው ለአሮጌው፣ ለአሜሪካን ሠራሹ ነበር፤ እሱን የባሕሩ ጨው በልቶት ሁለት ዓመት ሆነው። ይኼኛው ከምሥራቅ ጀርመን በስጦታ የመጣ ነው፤ ሥርዓቱን አያውቀውም። ደስታው ሥር ሥሩን እንደገና እየጻፈ ሁለቱን ያግባባቸው ነበር። መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ከዚያ ዲስክ ማንበቢያውን። ቁልፎቹ ቀርተውታል።»

«የዲስኩ መቼ አለቀ?»

«ትናንት። ‹ሁለት ዓመት ዝም ያሉት የአሮጌው ማሽን ዲስኮች ከነገ ጀምሮ ይናገራሉ› አለን።»

«ማን ማን ሰማችሁ?»

«እኔ፣ ያዮ» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጓድ ጉግሳም።»

«ፈርተዋል፣ ወይዘሮ እቴናት?»

«እርስዎ አይፈሩም?»

ውድነህ ወደ ክፍሉ ተመልሶ የሟቹን ማስታወሻ ደብተር ገለጠ። የዛሬው ገጽ ሁለት መስመር ነበረው። «ዲስክ ከአንድ እስከ ሰባት ተገልብጧል።» ከሥሩ ደግሞ፣ «በጀርመኑ የቁልፍ ሰሌዳ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል። ማረም፣ ነገ።» የዲስኮቹን ሣጥን ከፍቶ ቆጠረ። ሰዓቱን አየ። አሥር ተኩል ሆኗል።

«ሁላችሁም ግቡ» አለ። «ጓድ ጉግሳ፣ ‹ያዮ› ብለው ይጻፉልኝ።»

«እኔ?»

«በፈረንጅ አራት ፊደል ነው።»

ጉግሳ ዓይኑን ቁልፎቹ ላይ ተክሎ በአንድ ጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «ዛዞ» ወጣ። አጥፍቶ ደገመው። «ዛዞ»። እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበ።

«እርስዎ ይሞክሩ፣ ወይዘሮ እቴናት።»

እሷ ሰሌዳውን አላየችም። የምታየው የታሰረውን ሰው ነበር። ጣቶቿ ብቻቸውን ሄዱ፤ ስክሪኑ ላይ «ያዮ» ታየ።

ውድነህ ማስታወሻ ደብተሩን ከስክሪኑ ጎን ዘርግቶ አኖረው።

«ሥርዓቱ የአሜሪካን ነው፤ ቁልፎቹ ላይ የታተመው ፊደል የጀርመን» አለ ውድነህ። «ዋይ የሚለውን አይቶ የነካ ዜድ ያወጣል። ወይዘሮ እቴናት የሚጽፉት ጣታቸው በአሮጌው ማሽን በለመደው ቦታ ነው፤ ስለዚህ ዛዞን እሳቸው አልጻፉትም። ደስታውም አልጻፈውም፤ ስህተቱን ያገኘው እሱ ነው፣ በእጁ መዝግቦታል። ያዮ ደግሞ የራሱን ስም ለጥይት አይሰጥም። በሩን ያለፉት ሦስት ናቸው። ሊያርሙት ሞክረዋል፣ ጓድ ጉግሳ። ማሽኑ እምቢ ሲልዎ ተዉት፤ አሁን እንዳየነው።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?» አለ ጉግሳ።

«ከሣጥኑ ሰባተኛው ዲስክ ጎድሏል። ዲስኩን ወሰዱ፤ ዲስኩን ያነበበ ሰው ግን ቀረብዎት። ያላወቁት፣ ደስታው አሮጌዎቹን ሁሉ አስቀድሞ ወደ አዲስ ዲስክ ይገለብጥ እንደነበር ነው። ቅጂው ማሽኑ ውስጥ ነው። ወይዘሮ እቴናት፣ ይክፈቱት።»

ከፈተችው። ለደኅንነት ቢሮ የተጻፈ የጥቆማ ደብዳቤ ነበር፤ ቀኑ የካቲት 1976። ወልደሚካኤል ምስጢር ለወንበዴ ያወጣል ይላል። ከታች የጉግሳ ስም አለ።

«አብዮቱን ነው ያገለገልኩት» አለ ጉግሳ ወደ ደኅንነቱ ሰው ዞሮ። «ለእናንተ ነው የጻፍኩት።»

የደኅንነቱ ሰው ሁለቱን ጽሑፎች፣ የሟቹ የተባለውንና ጥቆማውን፣ አንድ በአንድ አነበበ። የሁለቱ ክስ አንድ ነበር። ጣቱን በጉግሳ ስም ላይ አሳረፈ።

«ያንን አምነን ነበር» አለ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ የያዮን እጅ ፈታ፤ በዚያው ገመድ ጉግሳን አሰረው። ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል የሞተር ድምፅ ተሰማ፤ ከፍ አለ፤ በጣራው ላይ አልፎ ራቀ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ያዮ ቆሞ አዳመጠ።

ውድነህ ስክሪኑን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ።

«ይተዉት» አለች እቴናት። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች፣ የሌላ ሰው ጽሑፍ እንደምታርም፣ ቀስ ብላ አነበበችው።

«በዚህኛው» አለች፣ «አንድም ፊደል አልሳተም።»