ሠላሳ አንደኛው ቅጂ

«ተንሸራቶ ነው የወደቀው» አለ ባልዲው፣ ለአራተኛ ጊዜ። «ወለሉ ላይ ላብ ነበር። እግሩ ሸተት አለ፣ ወደቀ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ባልዲው የቡጢ ቤቱ ሁለገብ ሰው ነው። በየዙሩ መሃል ውሃ ያቀብላል፣ የሚተፋውን ደም በባልዲ ይቀበላል፣ በተረፈው ጊዜ ወሬ ያመላልሳል። ላለፉት ሁለት ሳምንታት በሩን ገፍቶ ለገባ ሁሉ፣ የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣው ሰውዬ ሳይቀር፣ ይህችኑ ወሬ ሲያድል ሰነበተ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አሁን አሁን በዓይናቸው ያዩት ቦክሰኞች እንኳ ያልነበረውን ላብ ማስታወስ ጀምረዋል።

ከሪንጉ ጥግ በተገለበጠ ሣጥን ላይ የተቀመጠችው ልጅ ግን ምንም አልረሳችም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ፊት ለፊት «ጸሐፊዋ» ይሏታል፣ ከጀርባዋ ደግሞ «ምላጯ»። ሁለቱንም ታውቃለች፤ ሁለተኛውን ትመርጣለች።

«ጋሼ፣ ወለሉን የሚወለውለው ማነው?» አለችው።

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለ?»

«እንግዲያው ላብ ከነበረ ወንድሜን የጣሉት እርስዎ ነዎት። መዶሻ በነፃ ይሰናበት።»

ሪንጉ ውስጥ ሲጋጠም የነበረው መዶሻ ሳቀ። ሲስቅ አገጩ ከፍ አለ፤ የተጋጣሚው ጓንት አፉ ላይ አረፈና የጥርስ መከላከያው ከምራቅና ከደም ጋር ተፈናጥሮ ወጣ። መዶሻ ሳቁን እንኳ ሳይጨርስ ሁለት እርምጃ ገፋ፤ ተጋጣሚውን ሆዱ ላይ፣ ከዚያ ጉበቱ ላይ፣ ከዚያ እንደገና ሆዱ ላይ መታው። ያኛው በጉልበቱ ተንበርክኮ አፉን እንደ ዓሣ እየከፈተ አየር ፈለገ።

«ጸሐፊ፣ ይህንንም መዝግቢው» አለ ከዳር ሆኖ የሚያይ አንዱ።

«ምን ላይ ልመዝግበው? ግንባርህ ላይ?»

ፋይሉ ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው። «ምት» ብላ የሰየመችው ኤክሴል ነበር፤ ማንም ሳያስተምራት፣ ስልኳን እየነካካችና እየተሳሳተች የሠራችው። በየረድፉ አንድ የልምምድ ግጥሚያ አለ፤ ማን ከማን ጋር፣ ስንት ዙር፣ ስንት የጭንቅላት ምት፣ ስንት ውድቀት። መጨረሻው ላይ «ከዚያ በኋላ» የሚል ዓምድ አለው። ለአሰልጣኙ በየሳምንቱ በቻት ትልክለት ነበር። እሱ አንብቦት አያውቅም፤ «መዝገብ አለን» ለማለት ያህል ብቻ ነው የሚፈልገው።

ግን ሕግ አለ። በልምምድ ራሱን ስቶ የወደቀ ቦክሰኛ ሠላሳ ቀን አይወዳደርም። ነገ ዓርብ ለቅዳሜው ውድድር የሚዛን ቀን ነው፤ የውድድሩ ሐኪም መዝገብ ትጠይቃለች፤ መዝገብ ከሌለ የአሰልጣኙ ፊርማ ይበቃታል። ወንድሟ ጎማው ከወደቀ ዛሬ ዐሥራ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ቅዳሜ ካሸነፈ ትልቁ ክለብ ይወስደዋል።

አሰልጣኙ ጓንቶቹን እየደረደረ ነበር። «አሁንም አልተገኘም?» አላት፤ እንዲገኝ የሚፈልግ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«አልተገኘም። የላክሁልዎት የለም?»

«ስልኬ ሞልቶ ሁሉንም ጠራርጌዋለሁ። አትጨነቂ ልጄ፣ እኔ እፈርማለሁ።»

«ምን ብለው?»

አሰልጣኙ መልሱን ከሌላ ሰው የሚጠብቅ ይመስል ዞር አለ።

«ተንሸራቶ ነው» አለ ባልዲው።

ወደ ቤት ስትሄድ መንገዱን ሙሉ ያን ቀን አየችው። መዶሻ በግራው የጎድን አጥንቱን መታው፤ ጎማው ክንዱን ሲያወርድ ቀኙ ከጆሮው ሥር ገባ። ጎማው የተባለው ቢመቱት ቢመቱት ተመልሶ ስለሚነጥር ነው፤ ያን ቀን ግን አልነጠረም። ገና ሳይወድቅ ነው ዓይኑ ክፍት እንደሆነ ባዶ የቀረው። ጭንቅላቱ ሳንቃው ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ ከሰው አካል የሚወጣ አይመስልም ነበር። ከዚያ ግራ እጁ ለብቻዋ፣ ከውሃ እንደወጣች ነገር ተንፈራገጠች። ዐሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። ቆጥራ ጽፋዋለች።

ቤት ማንም አልነበረም፤ እናታቸው ፋብሪካ የከሰዓት ፈረቃ ላይ ናት። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና ስልኩን ጭኗ ላይ አደረገች። ሁለት ቀን ሙሉ «ቫይረስ ነው» ስትል ነበር ለራሷ። የስልኩን መክፈቻ የሚያውቁት ግን ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ እሷ ናት።

የፋይሎቹን ዝርዝር ከፈተች፤ ባዶ። ቆሻሻ መጣያውን ከፈተች፤ እሱም ተጠርጓል። ከአሰልጣኙ ጋር የነበራት ቻት ተሰርዟል። ወንድሟ ሪንግ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ አንድ ቦታ መትቶ አይተውም።

እዚያው ቁጭ ብላ የራሷን ስንፍና አስታወሰች። «ምት»ን ከቦታው ገብታ ከፍታው አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከቻቱ ላይ ነበር የምትነካው። ከቻት የተከፈተ ፋይል ላይ ስትጽፍ ደግሞ ስልኩ የበፊቱን እንዳለ ትቶ አዲስ ቅጂ ያስቀምጣል፤ ቁጥር እየጨመረ። በዚህ የተነሳ ሁለት ጊዜ አሮጌው ላይ ጽፋ የሳምንት ሥራዋን አበላሽታለች፤ ራሷን በማይደገም ስድብ ሰድባለች።

የስልኩን ሆድ ከፈተች። ዳውንሎድ፣ ከዚያ ማንም የማይገባበት አንድ ፎልደር። ምት 1። ምት 2። ምት 3። ጣቷ እየወረደ ሄደ። ወንድሟ ስም ያለውን ገድሎ፣ ቁጥር ያላቸው ሠላሳ አንድ ልጆቹ ጓዳ ተደብቀው ቀርተዋል።

የመጨረሻውን ነካች። ስልኩ አሮጌ ነው፤ አሰበ፣ ቆመ፣ እንደገና አሰበ። ከዚያ ከፈተው።

ጎማው። ከመዶሻ ጋር። ሦስተኛ ዙር። የጭንቅላት ምት 14። ውድቀት 1። ራሱን ስቶ 19 ሰከንድ። «ከዚያ በኋላ» የሚለው ዓምድ እስከ እሁድ ማታ ድረስ በእሷው ቃላት ተሞልቷል፦ አስታወከ። ሻዩ ውስጥ ጨው ጨመረ። መብራት አጥፉልኝ አለ፣ ቀን ነበር። ቤቱን አልፎ ሄደ፣ ከጥግ ጠራሁት። እማን «አክስቴ» አላት።

እናታቸውም የምታውቀው ያንኑ ነው፤ ተንሸራቶ ነው።

የግቢው በር ሲከፈት ሰማች። ለማንም እንዳትልከው ዳታዋ አልቋል። ሠላሳ አንደኛውን ወደ ሚሞሪ ካርዱ ገለበጠች፤ በጆሮ ጌጧ ሽቦ ካርዱን ነቅላ አወጣች፤ እርምጃው ኮሪደሩ ላይ ደርሶ ነበርና የትም ልታኖረው ስላልቻለች ከምላሷ ሥር ከተተችው።

ጎማው ገባ። እጆቹ ገና በልምምድ ፋሻ እንደተጠቀለሉ ናቸው።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

ትከሻዋን ሰበቀች።

«ስልኩን አምጪ።»

ሰጠችው። ቆሞ ነካካ፤ ፎልደሩ እንደተከፈተ ነበርና ዓይኑ እዚያው ቀረ።

«ሠላሳ አንድ» አለ ቀስ ብሎ። «ሠላሳ አንድ ቦታ ደብቀሽልኛል።»

ስልኩን የበሩ ደፍ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ወረወረው። መስታወቱ ተሰነጠቀ። አልበቃውም፤ በተረከዙ እስኪደቅ ረገጠው፣ አንስቶ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ስብርባሪው ፀጉሯ ላይ ወደቀ።

«ስሚኝ» አለ። «ስድስት ዓመት ተደብድቤያለሁ ለዚች ቅዳሜ። ስድስት ዓመት። አፍንጫዬን ሁለት ጊዜ ሰብረውታል። ይህን ነገር ለሐኪሟ ያሳየሽ ቀን ወንድም የለሽም። ገባሽ?»

ሦስት መልስ ተዘጋጅቶላት ነበር፤ ሦስቱም የሚቆርጡ። አፏን ግን አልከፈተችም።

«አፍሽ የት ሄደ? ለሰው ሁሉ መልስ አለሽ አይደል? ለባልዲው መልስ አለሽ፣ ለአሰልጣኙ መልስ አለሽ። ለእኔ ሲሆን ዝም? ንቀሽኝ ነው?»

ራሷን ነቀነቀች፣ አይደለም እንደማለት። ክንዷን ጨምድዶ ከቁምሳጥኑ ጋር አጋጫት። «ተናገሪ» አላት። «ተናገሪ አልኩሽ።» ከዚያ መታት።

በቡጢ አልነበረም፤ በመዳፉ ነው። ግን የጎማው መዳፍ ነው። ከንፈሯ በጥርሷ ላይ ተሰነጠቀ፣ ጆሮዋ ውስጥ ፉጨት ገባ፣ በጀርባዋ ቁምሳጥኑን ታክካ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ደሙ አፏ ውስጥ ሞቅ ብሎ ሲሞላ ካርዱ ከቦታው ተነሳ። በምላሷ ተጭና ያዘችው። ደሙን ዋጠች።

ጎማው ወደ ኋላ ሄደ። የአልጋውን ጠርዝ እየዳበሰ ተቀመጠና ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ምንም አልነበረም።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «ከንፈርሽ። ማነው የመታሽ? ንገሪኝ፣ ማነው?»

ቁምሳጥኑን ተደግፋ ተነሳች። ወደ ግቢው ቧንቧ ሄደች፤ ካርዱን መዳፏ ላይ ተፋችውና በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችው። ማታ እናቷ ከፋብሪካ ገብታ አገጯን ይዛ ወደ መብራቱ ስታዞራት፣ «ተንሸራትቼ ነው» አለቻት። እናትየው ሁለቱን ልጆቿን ተራ በተራ አየች። ራት አቀረበች።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት የትምህርት ቤቱን አጥር በተቀደደው በኩል ሾልካ ወጣች።

የሚዛኑ አዳራሽ በላብና በጡንቻ ቅባት ሽታ ታፍኗል። ሐኪሟ ዘንድ ጨርሰው የወጡት በውስጥ ሱሪ ብቻ ለሚዛን ተሰልፈዋል፤ ከትናንት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሱ ስለሆኑ ሁሉም የሚነክሱ ይመስላሉ። ሁለቱ በተራ ተጣልተው ተናንቀዋል፤ አንዱ የሌላውን ጆሮ በጥርሱ ይዞ ዳኛው አፉን በማንኪያ ሊፈለቅቅ ይታገላል። ጎማው ሰልፉ መሃል ነበር። አላያትም።

የሐኪሟ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት።

«ዶክተር፣ የማሳይዎት ነገር አለ።»

«ከንፈርሽን ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«መጀመሪያ ይህን ይዩልኝ።»

ሐኪሟ ካርዱን ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሳችው፤ ጠርዙ ላይ ያልለቀቀ ጠቆር ያለ ነገር ነበረበት። በአልኮል ጠርጋ ስልኳ ውስጥ ከተተችው። ልጅቷ የትኛውን እንደምትነካ አሳየቻት። ሐኪሟ ሳትዘል፣ ጣቷን በየረድፉ ላይ እያስኬደች አነበበች። ጣቷ «ከዚያ በኋላ» ላይ ሲደርስ ዘገመ።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ሰከንዱንም?»

«ሰከንዱንም።»

ያን ጊዜ ነው ጎማው ያያት። ሰልፉን ሲሰብር የሁለት ሰው ትከሻ ገጭቶ አለፈ። አንድ ወንበር ተገለበጠ። መዶሻ ከኋላ ወገቡን አቀፈው፣ አሰልጣኙ አንገቱን ያዘው፣ ባልዲው ደግሞ «ተው እንጂ፣ ተው እንጂ» እያለ ከፊት ሲጠጋ የጎማው ክርን አፍንጫው ላይ ደረሰ። ባልዲው መሬት ተቀመጠ፤ ደሙ በጣቶቹ መካከል ይወርዳል፣ የሚቀበልለት የለም። ጎማው መዶሻን ወደ ኋላ ገፍቶ ከሚዛኑ ጋር አላተመው። ሚዛኑ ወደቀ።

«እህት የለኝም» ሲል አዳራሹ ሁሉ ሰማ። «ስሙኝ፣ ሁላችሁም ስሙኝ። እህት የለኝም።»

አራት ሆነው ጎትተው አወጡት። በሩ ከተዘጋ በኋላም ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ በቡጢ ሲመታ ይሰማ ነበር። ስንት ጊዜ እንደመታው ሳታስበው ቆጠረች፤ ከሰባት በኋላ ቆመ።

ሐኪሟ ካርዱን ከስልኳ አወጣች። «ውሰጂው» አለቻት። «ያንቺ ነው።»

ልጅቷ እጇን አልዘረጋችም። ከንፈሯ እንደገና ተከፍቶ ነበርና በመዳፏ ጀርባ ጠረገችው።

«እርስዎ ጋ ይቆይ» አለች። «የመዶሻም አለበት። የሌሎቹም።»

ሐኪሟ ካርዱን ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ከፊቷ ከተቆለሉት ቅጾች ውስጥ ከሥር አንዱን ስባ አወጣችና አዙራ አስቀመጠችላት። የወንድሟ ቅጽ ነበር። ከስሙ ጎን ቀይ ማኅተም አለ፦ አይፈቀድም።

«ውጤቱን ለሁሉም አንድ ላይ ነው የምንናገረው፤ በየተራ ከሆነ እዚሁ ይደባደባሉ» አለች። «ወንድምሽ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ወለሉ ላይ ያለውን መስመር ተከትለህ ሂድ አልኩት፤ አራተኛው እርምጃ ላይ ግድግዳ ያዘ። አንቺ ከመምጣትሽ ሁለት ሰዓት በፊት ነው የፈረምኩት።»