የፈናን አንቲቫይረስ

ፍላሹ ገና ከማሸጊያው መውጣቱ ነው። ፈናን ላፕቶፗ ላይ ስትሰካው አንቲቫይረሱ እንደ ልማዱ ቀይ መስኮቱን ዘርግቶ ጮኸ። ሠላሳ ስምንት ቫይረስ አግኝቻለሁ ይላል።

ፈናን ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። አንድ ፋይል እንኳ ያልገባበት ባዶ ፍላሽ ነው። ትናንት ያጸዳችው የክፍሏ ልጅ የቦና ፍላሽ ትዝ አላት፤ እሱም ላይ የተገኘው ሠላሳ ስምንት ነበር። የፍሰሐም እንደዚያው። አሁን ልብ ብላ ስታየው የቫይረሶቹ ስምም ቅደም ተከተላቸውም አንድ ነው። ለካ ይሄ ነገር ምንም ፈልጎ አያውቅም፤ የሸመደደውን ነው ለሁሉም የሚያነበንበው።

ፈናን ከጎበሳ ወደ አሰላ የመጣችው ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ነው። ወይዘሮ የሺሃረግ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ትምህርት ቤት በገባች ሰሞን የሚያናግራት ሰው አልነበረም። የጠላትም የለም። ሁሉም አብሮ ያደገ ጓደኛ ስላለው እሷን ለማየት ምክንያት አላገኘም እንጂ። እናቷ እሑድ እሑድ ስትደውል «ሂሪያ አርገቴ?» ትላታለች፤ ጓደኛ አገኘሽ ወይ ማለቷ ነው። ፈናን «ኤዬ፣ አግኝቻለሁ» ትልና ስልኩን ዘግታ ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች።

ከዚያ አንቲቫይረሱ መጣ። ወንድሟ በሰጣት አሮጌ ላፕቶፕ ዘፈን ስታወርድ «ኮምፒውተርሽ አደጋ ላይ ነው» የሚል ማስታወቂያ ብቅ አለ። ደንግጣ ተጫነችው፤ ፕሮግራሙም በነጻ ገባላት። እነሱ ትምህርት ቤት ደግሞ ፊልሙም፣ ዘፈኑም፣ የአስተማሪው ሃንድአውትም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው በፍላሽ ስለሆነ ቫይረስ የማያውቀው ፍላሽ የለም። አንዱ አጸዳችልኝ ብሎ ለሌላው ሲያወራ፣ በእረፍት ሰዓት እሷ ዴስክ ፊት ሰልፍ ተያዘ። «ዶክተር፣ የኔን አስቀድሚልኝ አቦ» ይሏታል። ቤታቸው ኮምፒውተር ላላቸው ደግሞ ፕሮግራሙን ራሱን ፍላሻቸው ላይ እየገለበጠች ሰጥታቸዋለች። ከሁሉም በፊት የሰጠችው ለሶፊ ነበር፤ ሶፊም የአባቷ ኮምፒውተር ላይ ጫነችው። ከዚያ ወዲህ ሶፊ እረፍት ላይ አጠገቧ ትቀመጣለች።

ፈናን ስልኳን አውጥታ የፕሮግራሙን ስም ፈለገች። ብዙም አልለፋችም፤ በእሱ የተሸወደ ሰው በሽ ነው። መጀመሪያ በነጻ ይገባል፣ ከዚያ በሌለ ቫይረስ ያስፈራራል፣ በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ይዘጋና ካልከፈላችሁ አልከፍትም ይላል። እንዴት እንደሚነቀልም ተጽፏል። ኢንተርኔቱን አጠፋች። ላፕቶፑን የግድ የሚያስፈልገው ብቻ በሚነሳበት በሴፍ ሞድ አስነሳችና ፕሮግራሙን አጠፋችው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ የተደበቀውንም ፈልጋ ነቀለች። ከዚያ ከዊንዶውሱ ጋር በሚመጣው መከላከያ ሁሉንም አስፈተሸች። ላፕቶፑ ቀለል አለው። ፈናን ግን የሰኞውን እረፍት ሰዓት አሰበችና አለቀሰች። ሰልፉ ከሌለ ማን አጠገቧ ይቆማል?

ዓይኗን ሳትጠርግ ስልኳ ጮኸ። ሶፊ ናት።

«ፈኒ፣ የአባዬ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር አብዷል። ቀዩ ነገር ሙሉውን ስክሪን ይዞት ክፈሉ እያለ ነው። ሙሽሮቹ ነገ የሚረከቡት የሰርግ ፎቶ አለበት፤ አባዬ ደግሞ ፎርማት አስደርገዋለሁ ብሏል። ፎርማት ከተደረገ ሁሉም ፎቶ ጠፋ ማለት ነው። ባክሽ ያንቺን አንቲቫይረስ ይዘሽ ነይ።»

ፈናን በዝናቡ እየሮጠች ሄደች። ፎቶ ቤቱ ውስጥ የሶፊ አባት ጋሽ ካሣዬ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይንጎራደዳሉ። የሶፊ ታላቅ ወንድም ወንድምአገኝ ጥግ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል።

«ነይ ልጄ፣ እስቲ ሞክሪው» አሏት ጋሽ ካሣዬ።

ቤቷ እንዳደረገችው አደረገች። ቀዩ መስኮት ጠፍቶ የፎቶዎቹ ፎልደር ሲከፈት ሙሽራዋ ከነሚዜዎቿ ብቅ አለች። ጋሽ ካሣዬ ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

«ምን ነበር?»

«አንቲቫይረስ መስሎ የሚገባ የማታለያ ፕሮግራም ነው።»

«በማያውቁት አገር ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተም የማንንም የፊልም ፍላሽ እያመጣህ ትሰካለህ። ሁለተኛ እዚህ ወንበር ላይ እንዳላይህ።»

«እኔ አይደለሁም አልኩህ እኮ፣ አባዬ» አለ ወንድምአገኝ።

«ዝም በል።»

ሶፊ የፈናንን ክንድ አቀፈች። «ጓደኛዬ ጎበዝ ናት አላልኩህም?» አለች ለአባቷ።

አሰላ ውስጥ ፈናንን «ጓደኛዬ» ብሎ የጠራ ሰው ሶፊ የመጀመሪያዋ ናት። ፈናን ቃሉን እንደያዘች ወደ ቤቷ መሄድ ትችላለች። የሚጠይቃት የለም፤ ሶፊም ብትሆን ፈናን የሰጠቻትን ፕሮግራም አሁንም የምታየው እንደ መድኃኒት ነው። ወንድምአገኝ ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጋሽ ካሣዬ፣ እሱ አይደለም» አለች ፈናን። «ፕሮግራሙን ለሶፊ የሰጠኋት እኔ ነኝ። እውነተኛ መስሎኝ ነበር። እስከ ዛሬም ያጸዳሁት ፍላሽ የለም።»

የሶፊ ክንድ ከክንዷ ላይ ወረደ። ጋሽ ካሣዬ ፈናንን፣ ቀጥሎም ልጃቸውን አዩ። ወንድምአገኝ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ።

«ለሌላስ ሰው ሰጥተሻል?» አሏት ጋሽ ካሣዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አዎ። ቤታቸው ኮምፒውተር ላላቸው ሁሉ።» ፈናን ወደ ሶፊ ዞረች። የማንንም ቤት አታውቅም፤ ከዛሬ በፊት ቤቱ የጠራት የለም። «የነሱም ሳይዘጋ ሄጄ ልንቀልላቸው። የቦና ቤት የት ነው?»

«ጎሚስታውን እንዳለፍሽ፣ አረንጓዴው በር» አለች ሶፊ፣ ሳታያት።

ፈናን ነጠላ ጫማዋን እያንሸራተተ በሚያስቸግራት ጭቃ ውስጥ ወጣች። ትንሽ ሄዳ ሶፊ ትመጣ እንደሆነ ዞር ብላ አየች። የፎቶ ቤቱ በር ላይ ማንም የለም። ጥቂት ቆመችና ወደ ጎሚስታው አቀናች።