መደርደሪያ ላይ የተገኘው የመባ ዕቃ

በዛፍ ሙጫ የተለበጠ ዕቃ ሠሪው ኡ ሳን ትዌ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ መሰላሉ ሥር ሞቶ ከተገኘ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የምዪንካባ መንደር ሰው ገዳዩን መርጦ ጨርሷል፤ አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ኮ ዜያ። ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ታይቷል፤ በዚያ ላይ ከማንዳሌ ከተማ የመጣ ባዳ ነው።

ኢንስፔክተር ፔ ልዊን ነጋዴውን፣ የሟቹን ልጅ ኒዬን ኤንና በዚሁ ሙያ ያደገውን ታናሽ ወንድሙን ኡ ቦ ቺንን ምድር ቤት ሰበሰባቸው።

«አባትሽ ሲወርድ ምን ይዞ ነበር?»

«ያንን የአያቴን የመባ ዕቃ» አለች ልጅቱ፣ የላይኛውን መደርደሪያ እያሳየች። ክዳኑ እንደ ፓጎዳ፣ እንደ ቡድሃ መቅደስ፣ የሾለ ነው። «ለፓጎዳው ሊሰጠው አዲስ ሙጫ ቀብቶት እርጥብ ነበር። ሙጫ የሚደርቀው እዚህ፣ እርጥበት ውስጥ ነው። እኔ ለመነኮሳቱ ሩዝ ይዤ ሄድኩ። ስመለስ እሱ መሬት፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ።»

«እርስዎስ፣ ኡ ቦ ቺን?»

«ሬሳውን ልናወጣ እስክንወርድ ወር ሙሉ እዚህ አልገባሁም። ያኔም ዕቃውን ማንም አልነካው። ይሄ የማንዳሌ ሰው እያለ ምን እኔን ይጠይቁኛል?»

ኢንስፔክተሩ ዕቃውን አወረደ። «ጎኑ ላይ አፈር ተጣብቆ ደርቋል። እርጥብ ሳለ ወድቋል ማለት ነው። ታዲያ ማን መልሶ ሰቀለው? ሟች ይህን ያህል ትጉህ አይሆንም።»

«እኔ ብሆን ይዤው እጠፋ ነበር እንጂ እሰቅለዋለሁ?» አለ ነጋዴው።

«እሱስ እውነትህን ነው። ደግሞ እርጥብ ሙጫ ያልለመደውን እጅ እንደ ሊጥ ያሳብጠዋል። ያንተ የሙሽራ እጅ ነው።»

ይህን ብሎ ዕቃውን መሬት ላይ፣ ጫማው አጠገብ አስቀመጠው።

«ኧረ ጌታዬ!» አለች ኒዬን ኤ። አጎቷ ግን ቀድሟት ጎንበስ ብሎ አንሥቶት ነበር።

«አይልቀቁት» አለ ኢንስፔክተሩ። «የሰቀለው ሰው ጣቶች ሙጫው ላይ ታትመው ደርቀዋል። ወንድምዎ እርጥብ ዕቃ የሚይዘው እጁን ወደ ውስጥ አስገብቶ ነው። የልጅቱ ጣት ለዚህ ያንሳል። የእርስዎን ይመልከቱ።»

ኡ ቦ ቺን ተመለከተ። አምስቱም ጣቶቹ በየቦታቸው ገብተዋል።

«እንሽጠው ስለው እንቢ አለኝ። ገፋ አደረግሁት፤ መግደል አላሰብኩም።»

«ከዚያስ?»

«የመባ ዕቃ መሬት ላይ አይተውም። አነሣሁት። ቦታ ፈልጌ ሰቀልሁት። ሳን ትዌ ያን ጊዜ ይተነፍስ ነበር። ስሜን ጠራኝ። ዕቃውን አስቀምጬ ስዞር፣ አበቃ።»

ኢንስፔክተሩ ካቴና አወጣ። ኡ ቦ ቺን እጁ ባዶ እንዲሆን ዕቃውን ለወንድሙ ልጅ ዘረጋላት።

አልተቀበለችውም።