የአባቴ ወረንጦ

እኔ መንፈስ፣ ጥላ፣ የሞተ ሰው ድምፅ የሚባል ወሬ ሲነሳ ሳቄ የሚያመልጠኝ ሴት ነኝ፣ ጎረቤቶቼ ያውቃሉ። እስቲ አስቡት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሰዓት ከፍታ ስታይ የኖረች ሴት እንዴት ብላ ታምናለች? ሰዓት ቆመ ማለት ወይ ቆሽሿል፣ ወይ ሞላው ተበጥሷል፣ ወይ ባለቤቱ ከበቅሎ ላይ ጥሎታል፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ዳባት ገበያው አጠገብ ጠባብ ሱቅ ነበረችው፣ ሙያውን በወጣትነቱ አስመራ ሄዶ ከአንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ተምሮ፣ መሣሪያዎቹንም ከእሳቸው ተረክቦ የመጣ ሰው ነው። አንድ ልማድ ነበረው። ሰዓት ከመክፈቱ በፊት ወረንጦውን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። "ጫፉ ላይ ብናኝ ከቀረ ሰዓቱ ውስጥ ይገባል" ይለኝ ነበር። ከመንገድ ማዶ ሆኜ እንኳ በዚያ ድምፅ ሥራ መጀመሩን አውቅ ነበር።

አባቴ ሲሞት ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ተገኘ የሚባለው አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ሱቁን አስከፍቶ የመሣሪያውን ሣጥን ይዞ ሄደ። እንግዲህ እኔ መሬት ላይ ሆኜ ሳለቅስ ነው! ከሐዘን ተነስቼ ሱቁን ስከፍት ጠረጴዛው ላይ የቀረልኝ የዘይት ነጠብጣብ ብቻ ነበር። እንጀራዬም፣ ሙያዬም፣ ከአባቴ የቀረኝም ያ ሣጥን ነው፣ ያለ እሱ እኔ ሰዓት ሠሪ አይደለሁም። ስልክ ደወልኩለት። "የአያትሽ ዕቃ ነው፣ ለእኔም ይገባኛል" አለኝ። አያቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰዓት በጥላ የሚያውቅ ገበሬ ነበር! በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አባቴ መቃብር ላይ ቆምኩና "አባዬ፣ ዝም አትበለው" አልኩት። እመኑኝ፣ ከልቤ ነው ያልኩት፣ ጥርሴን ነክሼ።

አጎቴ ያን ጊዜ ደባርቅ ላይ አዲስ ሆቴል ከፍቷል፣ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጡ ፈረንጆች የሚያድሩበት። ሄጄ ስገባ መሣሪያዎቹ እንግዳ መቀበያው ላይ በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል፣ በየሥራቸውም ወረቀት ተለጥፏል። ደሜ ፈላ። ወረንጦው ሥር "የጥንት ባላባት እሾህ ማውጫ" ይላል፣ የሰዓት ቆጣሪ ማንሻው ሥር "የጥርስ መንቀያ"፣ ትንሿ ደጋን ሥር ደግሞ "የልጆች ማሲንቆ መምቻ"። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ አይደል? መስረቁ ሳያንስ አባቴን ጥርስ ነቃይ አደረገው።

ሽማግሌ ጠራሁ። ሣጥኑ ያለው እዚያ ነውና ሸንጎው የተቀመጠው እዚያው ሆቴል ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከሊማሊሞ ገደል የወጣው ጉም መስኮቱ ላይ ተለጥፎ፣ መብራቱም እንደ ልማዱ ጠፍቶ። መሪያቸው መምሬ አስረስ ነበሩ፣ የሁለታችንም የነፍስ አባት። መሣሪያዎቹን ጠረጴዛ ላይ አስወጡና እያገላበጡ አዩአቸው።

"ልጆቼ፣ ዕቃ አፍ የለውም" አሉ። "ባለቤቱ ግን ሥራውን ያውቃል። ተገኘ፣ ከእሷ ታላቅ ነህና አንተ ጀምር።"

አጎቴ ከወረቀቱ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ደገመላቸው። ደጋኗን አንስቶም ማሲንቆ እንደሚመታ ሰው እጁን አወዛወዘ፣ አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

"እሺ፣ አንቺስ?" አሉኝ።

"መምሬ፣ ይቺ ደጋን ክሯ የፈረስ ጭራ ነው፣ ያ እውነት ነው። ግን ማሲንቆ አትመታም። ክሩ እዚህች ትንሽ መዘውር ላይ ይጠመጠማል፣ ደጋኗ ወዲህና ወዲያ ስትጎተት ቀጭኑ የሰዓት ዘንግ ይሽከረከራል፣ እየተሽከረከረ ይሞረዳል። ጭራው ሲበጠስ አባዬ ከጋሪ ፈረስ ነቅሎ ይቀጥለው ነበር። ይሄኛው ጥርስ አይነቅልም፣ ሰዓትና ደቂቃ ቆጣሪዎቹን የሰዓቱን ፊት ሳይቧጭር ያነሳል። ይሄ ባለ እጀታው ሞላ ጠቅልሎ ቤቱ ያስገባል፣ በጣት ካስገቡት ይጣመማል።"

"ወረንጦውስ? እሾህ ማውጫ ወረንጦ እኔም አንገቴ ላይ አለኝ።"

"ጫፉን ይዩት መምሬ፣ እሾህ ቢነካ ይታጠፋል። ከጤፍ የምታንስ ብሎን ነው የሚያነሳው።"

መምሬ የራሳቸውን ወረንጦ ካንገታቸው አውልቀው ከጎኑ አስቀመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። አጎቴ ብድግ አለ። የአባቴን ወረንጦ ላፍ አድርጎ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ላይ አነሳው።

"ይህ የአባቴ ዕቃ ካልሆነ ይቺ እጄ ትድረቅ!"

"ተው ተገኘ፣ ተው" አሉ መምሬ።

ያን ጊዜ ነው የሰማነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እጁ አየር ላይ ነው፣ ወረንጦው ምንም አልነካም፣ በአቅራቢያውም ጠርዝ የለም። ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ደጋን ትንሽ ወደፊት ሄደች፣ ትንሽ ወደኋላ ተመለሰች፣ ጭራው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ነፋስ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ መስኮቱ ዝግ ነበር። መምሬ መስቀላቸውን አወጡ፣ አጎቴ ወረንጦውን ሊጥል እጁን ደጋግሞ አራገፈ፣ አልወድቅ አለው። ሽማግሎቹ በጉልበት ስበው አወጡለት። ጣቶቹ ግን እንደተጣበቁ ቀሩ፣ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ፣ ምንም ሳይዙ እንደያዙ።

ሣጥኔን ይዤ ዳባት ገባሁ። ጎንደር ያየው ሐኪም ነርቭ ነው አለ፣ ይሁን፣ ነርቭ ይሁን። አጎቴ ጠበልም ሞከረ። ከርሞ ሱቄ ድረስ መጣ፣ ከስቷል፣ የሚያጎርሰው ሚስቱ ናት።

"ልጄ፣ አባትሽን ይበቃል በዪው። አንቺን ይሰማሻል።"

"ዕቃው የማን ነው አጎቴ?"

"የወንድሜ ነው" አለ፣ እንባው መጣ።

ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ እንደ ማር ጣፈጠኝ። ግን ይበቃል አላልኩም። ለቅሶ ላይ እኔን ማን ይበቃታል አለ? ጥጥ የመሰለውን ፀጉሩን አይቼ ፊቴን ወደ ሥራዬ መለስኩ፣ እሱም ወጥቶ ሄደ።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም አልነገርኩም። ባለፈው ሰሞን ትንሿ ልጄ ሱቅ ውስጥ ስትጫወት የደንበኛ ሰዓት ጥላ መስታወቱን ሰበረችው። ተናደድኩ፣ "ይቺን እጅሽን!" ብዬ ጮህኩባት፣ እናት ሁሉ የሚለው ነው፣ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ከተዘጋው ሣጥን ውስጥ መጣ። ቀጭ፣ ቀጭ...

"ይበቃል! አባዬ ይበቃል!" አልኩ፣ ድምፄ ገበያው ድረስ ተሰምቷል። ሦስተኛው አልመጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬ እሱን እንደጠበቀ ነው። ስለ አጎቴም እጅ ጠይቄ ነበር፣ አልተፈታም።

ጠዋት ጠዋት ልጄ ከመነሳቷ በፊት ቀኝ እጇን እይዝና ጣቶቿን አንድ በአንድ እከፍታቸዋለሁ። እስካሁን ይከፈታሉ።